ጠብቂ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዊኒፔግ፣ የካቲት።
ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ እቆጥራለሁ ሽንት።
ሚሊ ሊትር በሰዓት፦ አሥራ አንድ፤ ቀጥሎ ሰባት፤
ከዚያ አራት።
የደፈረሰ ሻይ መሳይ፣ ከከረጢቱ ጥግ ጥቂት።

ኦርቪል ማግኑሰን ይባላል፤ የሴልከርክ ሰው ነው።
ሳንባው ነው የጀመረው፤ ደሙን መረዘው፤
ኩላሊቱም ይህን አይቶ ሥራውን ተወው።
እጁ እንደ ቦካ ሊጥ ቢነፋ፣ ቀለበቱን
በሳሙና አሙለጭልጬ ለሚስቱ ሰጠኋት፤
አውራ ጣቷ ላይ አጥልቃው ተቀምጣለች፣
ማሽኑን ላለማየት ቀለበቱን እያየች።

ማሽኑ ከጥግ ቆሟል፣ ጎማው ተቆልፎ፣
ተጭና እንደምትጠብቅ በቅሎ፣
ጌታዋ ይሂድ ይቅር ሳይለይለት።

ከመስታወቱ ማዶ ሐኪሞቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ይሟገታሉ፣
ለቅሶ ቤት ውርስ እንዳነሡ እኅትና ወንድም።
ወጣቷ፦ «ዛሬ እንጀምር። እስኪሰምጥ ነው የምንቆም?»
ትልቁ፦ «ፖታሲየሙ ገና አምስት ተኩል ነው።
ስንቱ ኩላሊት ነው ማሽን ሳይነካው የነቃው!
አንገቱን ስንወጋ ግፊቱ ቢወድቅስ?»
ሁለቱም ልክ ናቸው። ጭንቁም ይኸው ነው።
ወደ እኔ ዞረና «ጠብቂ» አለኝ።

እሱ በተናገረበት ቋንቋ ቃሉ አንድ ፊት ነው ያለው፤
እኔ በሰማሁበት ግን ሁለት፦
ቆዪም ነው፣ ዘብ ቁሚም ነው።
ቆየሁ። ዘብ ቆምኩ።

«ሠላሳ ዓመት» አለች ሎርና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣
«ቀዩ ወንዝ ላይ በረዶ ሲቆርጥ ኖረ፣ ጎርፍ ሳይመጣ።
ስሙ ነው ቀይ፤ እስከ ሚያዝያ ነጭ ነው።
ቀድመህ ከቆረጥከው መልሶ ይጋገራል፣
ከዘገየህ ደግሞ ቤቱን ውሃ ይበላል፣ ይል ነበር።»
«ታዲያ ቀኑን በምን ያውቀው ነበር?»
ቀለበቱን አዞረች።
«አንዳንዴ» አለች፣ «ይሳሳት ነበር።»

አሥር ሰዓት፦ ሦስት። አሥራ አንድ ሰዓት፦ ምንም።
ከላቦራቶሪ ተደወለ፦ ስድስት ነጥብ አምስት።
የልቡ መስመር እንደ ድንኳን ጫፍ ሾለ።
አሁን የሚሟገት የለም።
ወጣቷ ጓንቷን አጠለቀች፤ ትልቁ መብራቱን ያዘላት፤
«ብዬ ነበር» አላለችውም።

የማሽኑን ጎማ ፈታሁት።
ደሙ ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፤
ቱቦው በመዳፌ ውስጥ ሞቀ፣
በየካቲት የሚፈስ ቀይ ወንዝ።
ቀድመን ይሁን ዘግይተን፣ ስክሪኑ ላይ አልተጻፈም፤
ስክሪኑ ላይ ያለው ፍጥነትና ግፊት ብቻ ነው።

በመስኮቱ በኩል የበረዶ ጠራጊው መኪና ብርቱካናማ መብራት
ግድግዳውን ዳብሶት አለፈ።
«ደረስን?» አለችኝ ሎርና።
በሷ ቋንቋ መለስኩላት፣ በኔው ግን አሰብኩት፦
ጠብቂ።