በጆሮ የሚቆጠር

ሪኮቲን በዓይንህ ብትፈልግ አታገኝ፤
መልኳ የመሬቱ፣ ጀርባዋ የጦስኝ።
ሰው ሲቀርባት አትበርም፤ በእግሯ ነው ሩጫዋ፣
ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ፣ አይጥ ይመስል ጥላዋ።
ስለዚህ በጆሮ ነው እሷን መቁጠሪያው፣
ሌሊት በአሥር ሰዓት፣ ሳይነቃ ዶሮው፣
ከኤብሮ ወንዝ ማዶ፣ ጀሶው ነጭ ሜዳ ላይ
ቆሞ ማዳመጥ ነው፣ እስኪገረጣ ሰማይ።

ሠላሳ አንድ ሚያዝያ እንዲህ ቆሜ ቆጠርኩ፤
ቀን ፖስታ ሳድል ውዬ፣ ሌሊት ወፍ አደመጥኩ።
ብራውሊዮ ግራ ጥግ፣ እኔ ቀኝ ጥግ ቆመን፣
ሁለታችን ካልሰማን አይጻፍም ተባብለን።
በመጀመሪያው ዓመት አርባ ሰባት ነበሩ፣
አርባ ሰባት ፉጨት፣ ጨለማ ሲሰፍሩ።
የዜማው መጨረሻ ወደ ላይ ይነሣል፣
ሳይጨርስ ይቀራል።
ሚስቴ አንድ ሌሊት መጥታ ሰምታው
«ይሄ ወፍ ምን ጠፋበት?» አለችኝ።

ከዚያ ትራክተር መጣ። ከዚያም ቦዩ መጣ፤
ከወንዙ ላይ ውሃ እየተሳበ ወጣ።
ጨው ሲያብብበት የኖረ፣ አሪቲ ያለበሰው ሜዳ
በቆሎ ለብሶ ቆመ፣ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ።
ማንንም አልወቅስም፤ የእህቴ ልጅ ባሌንቲን
በዚያ ውሃ ነው ያሳደገው ሦስቱን ልጆቹን።
እኔም ያን በቆሎ ጠብሼ በልቻለሁ፤
ጣፋጭ ነበር፣ ጣፋጭ፤ እውነቱን እላለሁ።

ሃያ ስድስት ሆኑ። አሥራ አንድ። ከዚያ አራት።
ሲየርሶ የምንለው ንፋስ በሩን ሲደበድብ አንድ ምሽት
ብራውሊዮ ሞተ።

ካቻምና ሚያዝያ፣ ብቻዬን፣ ሦስት ሌሊት ወጣሁ፤
ሦስቱንም ሌሊቶች ዝም ያለ ሜዳ ሰማሁ።
«ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ፤ ክቡን አሳምሬ፣
እንደ ፖስታ ማኅተም፣ ስሜንም ጨምሬ።
ያቺ ዜሮ ከተማ ገባች፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች፤
«ወፍ የለበትም» ለሚል ወረቀት ምስክር ሆና ቆመች።
በመስከረም ከመንደሩ ምዕራብ ያለውን አረሱት።
መቶ ሄክታር ጦስኝ ተገለበጠ፤
ሽታው ሳምንት ሙሉ በየመስኮቱ ገባ።
ሰዉ «ዘንድሮ አየሩ እንዴት ደስ ይላል!» አለ።

ዘንድሮ ኢሊንካ፣ የሮማኒያዊው በግ አርቢ ልጅ፣
ስምንት ዓመቷ ነው፣ «ውሰደኝ» ብላ ቆመች ደጅ፣
የአባቷን ጃኬት ለብሳ፣ እጅጌው እስከ ጉልበቷ።
ካልታረሰው ቁራጭ ላይ ከጎኔ አቆምኳት።
ምንም አልሰማሁም፣ የራሴን ደም እንጂ።
እሷ ጣቷን አነሣች።
«እዚያ።»
ቆየት ብላ፣ «እዚያም።»
«ምን ዓይነት ድምፅ?» አልኳት።
ከንፈሯን አሹላ በወለቀው ጥርሷ በኩል አፏጨችው፦
ወደ ላይ የሚነሣ፣
ሳይጨርስ የሚቀር።

ሐኪሙ በኋላ ወረቀት አሳየኝ፤ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል።
«ቀጭን ድምፅ ከተለየህ ዓመታት አልፈዋል» አለኝ።
ቤቴ ገብቼ ደብተሮቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ።
የቱ ነው የወፏ ሞት፣ የቱ ነው የጆሮዬ?
አሥራ አንዱ? አራቱ?
ብራውሊዮ ስንት ሌሊት ወደ እኔ ዞሮ
«አልሰማህም?» አለኝ፤
«አልሰማሁም» ስለው
ብዕሩን ከደነ።

ለከተማው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ስሜ ከሥሩ አለ ብዬ።
መልስ የለም። ፖስታ እንዴት እንደሚዘገይ እኔ ነኝ የማውቀው።
የታረሰው አይመለስም፣ ምናልባት ለልጅ ልጇ።
ለቀረው ግን የድሮውን ደንብ አፈረስኩ፤
በአንድ ሰው ጆሮ ብቻ «ሁለት» ተብሎ ተጻፈ፣
በእሷ እጅ፣ ጠማማ ሁለት፣ ዳክዬ የሚመስል።

«ነገ በአሥር ሰዓት» አልኳት፣ «በሩን በቡጢ ምቺው።
የማንቂያዬን ደወል
እኔ አልሰማውም።»