ኮባው

አባቴ ሚስተር ኩሪያን፣ የሂሳብ አስተማሪ፣
ባንድ ሻንጣ መጽሐፍ፣ ባንድ ዣንጥላ ኗሪ፣
«ጅማ» የሚል ወረቀት ከኪሱ ሳይለየው
ካውቶቡስ ሲወርድ፣ ዝናቡ ነው ያየው።
«እንደኛው አገር ነው» አላት ለናቴ፣ ዘወር ብሎ፤
እሷ ግን ዝም አለች፣ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ።

መንቲና፣ የሙቅቢል ግቢ፣ ስድስት በር ባንድ አጥር፤
የመናዊው አከራይ ሌሊት ሌሊት ሳንቲም ሲቆጥር፣
ሙዘይን ልብስ ሰፊው፣ ከስልጤ የመጣ፣
የዳውሮው ዛሳ፣ ሳይነጋ ጆንያ ይዞ የሚወጣ፣
አዴ ሙሉኪያ በኦሮምኛ ስትቆጣ፣
እማማ ወላንሳ፣ የየሟ፣ የሁላችን ጣጣ
ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ፣ ላንድም ሰው ሳታወጣ።

ከጓሮው ጥግ ደግሞ አንድ ኮባ ነበረ፤
እናቴ ስታየው ፊቷ ተቀየረ፤
«ሙዝ!» አለች፣ ከሦስት የአማርኛ ቃሏ አንዱን መዝዛ፤
ከዚያ ወዲያ ውኃ ስታጠጣ፣ ስትጠብቅ፣ ተክዛ፣
አመድ ስትነሰንስ፣ ቅጠሉን ስትጠርግ፣
ስንት ክረምት አለፈ፣ ዘለላ ስትፈልግ።

ግቢው ግን ዝም አለ። ማን ደፍሮ ይንገራት?
«ሰው አገር ለመጣች፣ ተስፋዋ ነው ራት»
ትል ነበር ወላንሳ፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች።
ዛሳ እንኳ፣ በሁሉ የሚያፌዘው፣
በኮባው ሲያልፍ «እንዴት አደርክ ሙዜ» ይለው ነበር።

እኔ እዚያ ነው ያደግኩት። ስሜ ሊሳማ ነው፤
መንደሩ ግን «ህንዷ» ብሎ ነው ያጸደቀው።
ጸጉሬ ላይ የኮኮናት ዘይት፣ እግሬ ላይ የአዌቱ ጭቃ፣
በሦስት ቋንቋ ስሰደብ፣ በአራት መልሼ ሳበቃ፣
«የህንድ ልጅ ሂሳብ ወደቀች!» ተብሎ
ገበያው ሁሉ አዘነ፣ አባቴን አክሎ።

በሰባተኛው ዓመት ወላንሳ ጨከነች፤
ባካፋ፣ በመጥረቢያ ኮባውን ገነደሰች፤
እናቴ ስትጮህ፣ እጇን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሳበቻት፤
«የዚህስ ሲሳዩ ከታች ነው፣ አንቺ ሽቅብ ታያለሽ» አለቻት።
ተፋቀ፣ ተቀበረ፣ ሰነበተ፣ ቆጮ ሆኖ ተጋገረ፤
እናቴ በዓሣ ወጥ በላችው። ዓይኗ ግን ቅጠሉ የነበረበት ሰማይ ላይ ነበረ።

ቀበሌ፣ መታወቂያ ላወጣ ስቀርብ፣
ጸሐፊው «ብሔር» ላይ ደርሶ፣ ብዕሩን ይዞ ሲያስብ፣
አየኝ፤ መስኮቱን አየ፤ እንደገና አየኝ፤
«ሌላ» ብሎ ጻፈና፣ ሻይ ጠጪ አለኝ።

ሌላ። ሁለት ፊደል።
ከኪሴ ሲወጣ ሲገባ ጫፉ የሚገመደል።

ዛሬ በአጂፕ በኩል ሳልፍ፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣
አጥር ላይ ተሰቅለው «ቻይና! ቻይና!» ባዮች፤
ዞሬ «ኢጆሌ ኤኙቲ?» ስላቸው፣ የማን ልጆች ናችሁ፣
አንዱ ከረሜላውን ዋጠ።
አንዷ ግን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
«አንቺስ የማን ነሽ?» አለችኝ።
ቆምኩ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ማካፋትም ጀመረ።

እናቴ አሁን ኮታየም ናት፣ ከታናሽ እህቷ ጋራ፤
ያማርኛዋ ግማሹ ዝጓል፣ ሳቋ ግን ያው ነው፣ የጠራ፤
እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ «ያ ኮባ አፈራ?»

«ገና ነው» እላታለሁ።