የቶምቦላው በግ

በጉ እኛ ቤት አደረ፤
ሌላው የኮሚቴ አባል ምክንያቱን ደረደረ፦
የአቶ ይስማው ግቢ ጠባብ ነው፣ አጥሩም ወላልቋል፤
የዘይነባ ልጅ አስም አለው፣ ሱፍ ሲሸተው ያፍነዋል።
እኔ ግን «እሺ» አልኩ። ይህ «እሺ» የሚሉት ቃል
ስንቱን በጓሮ በር ቤቴ አስገብቶብኛል።

የሦስተኛ «ለ» ክፍል ጣራ ወንፊት ነው ብለን፣
ክረምት ሳይቀድመን ቆርቆሮ ልንገዛ ተማምለን፣
ባለ ልኳንዳው በግ ሰጠን፣ ስድስት መቶ ቁጥር አሳተምን፣
አንዱን በሃምሳ ብር ከፒያሳ እስከ አዘዞ አዞርን፤
ባጃጅ ውስጥ፣ ባንክ ሰልፍ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ።
ለቅሶ ቤት እንኳ — ይቅር ይበለኝ — አንድ ቁጥር ሸጫለሁ፤
የሟች ወንድም ነው የገዛኝ፤ ዕንባውን በጋቢው ጠርጎ
ስሙንና ስልኩን ጉርዱ ላይ ሲጽፍ አይቻለሁ።

ማክሰኞ ማስተዋል ከትምህርት ቤት መጣች፤
ጫማዋን ሳትፈታ በጉ አጠገብ ተኛች።
«እማ፣ እሱም ይሞቃል፣ እኔም ሞቆኛል» አለች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት። መብራት የለም። ሠላሳ ዘጠኝ ከአምስት።
አባቷ መተማ መንገድ ላይ ነው፣ ከጭነቱ ጋር፤
ስደውል የምታነሳው ያቺው የማትደክም ሴት ናት፤
«የደወሉላቸው ደንበኛ...» ዘጋሁባት።
ቦርሳዬን ገለበጥኩት፦ ቁልፍ፣ የአስቤዛ ዝርዝር፣
የትንሹ ልጅ አንድ እግር ካልሲ፣ አሥራ አንድ ብር።
ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ግን፣ በቢጫ ፌስታል ተጠቅልሎ፣
የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቁጭ ብሏል፣ አደራ ተብሎ።
አየሁት።
አየኝ።

ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ቆጠርኩ በሻማ ብርሃን፤
ቆጥሬም አልወጣሁ፤ ካርኔውን ሳብኩ፣ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ፣
በትንፋሼ አሞቅሁት፣ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦
«ወጪ ስድስት መቶ ሃምሳ። ምክንያት፦ ትኩሳት።
የተቀባይ ስም፦» ስሜ ጠፋኝ፤ «እናት።»

የባጃጁን ልጅ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም፤
ሁለት መቶ አለ ለሌሊት፣ አልተከራከርኩም።
የነገሥታቱ ግንብ በጨለማው በግራችን ሲያልፍ
«ይሄም ጣራ የለውም» አለች ልጄ፣ በትኩሳት እንቅልፍ፤
«ቶምቦላ አልሸጡም እንዴ?»
ሳቅሁ። በዚያ ሰዓት ሳቅሁ። ባጃጁም ልጅ ሳቀ።

ቶንሲል ነው አለች ነርሷ። ሽሮፕ፣ ብዙ ውሃ፣ ዕረፍት።
ዕረፍቱ የታዘዘው ለእሷ ነው፤ እኔ ወረቀቱን ያዝኩላት።

ሐሙስ ዕጣው ወጣ፤ እኔ አልነበርኩም።
አርብ ስብሰባ ላይ ካርኔውን ዘረጋሁ፤ ቃል አልጨመርኩም።
አቶ ይስማው አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መለሰ።
ዘይነባ ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዝኩ፦ «ተይ፣
ደሞዝ ሲወጣ እከፍላለሁ።» «ለእሱ አይደለም» አለች፣ «እዪ፤»
አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፣ ጠርዙ ያለቀ፤
የእሷው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያምና ኅዳር፤ ቀለሙ የለቀቀ፦
«ወጪ አራት መቶ። ምክንያት፦ ትንፋሽ።»
ከፍላ ከጨረሰች ቆየች፤ ወረቀቱን ግን አልጣለችም።
ብዙ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የተናገረ የለም።
«እንግዲህ» አለ ይስማው በመጨረሻ፣ «መዝገቡ ላይ
ለዚህ ዓይነቱ ወጪ አንድ ዓምድ እናስምር።»
ቀጥሎም ወደ ቆርቆሮው ዋጋ፤ አራት ቅጠል ይቀረናል።

ባለ ዕጣው አልመጣም እስካሁን፤ በጉ እኛ ጓሮ ነው።
ማስተዋል ትኩሳቱ ለቋታል፤ «ቆርቆሮ» ብላ ሰይማዋለች፤
ከደብተሯ ሣር ትሰጠዋለች፣ ማለት ሣር ሥላ፣
ሲበላላት ትቆጣዋለች።
ጉርዶቹን ማታ አገላበጥኩ። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት፦
የለቅሶው ሰው ነው፤ ዕንባው ያበላሻት «ሁ» ሳትቀር አለች፣
ስልኩም አለ፣ ሙሉ፣ አንድም አኃዝ ያልጎደለው።
ዝናቡ ጀመረ። ልጄ በመስኮቱ «ቆርቆሮ!» ትላለች፤
አንድ ጊዜ ከውጭ ይመለሳል፣ አንድ ጊዜ ከጣራው ይሰማል።

እደውላለሁ።
ጠዋት እደውላለሁ።
ዛሬ ትተኛ።