ቆይ ወይስ ቆዪ

ለመስቀል ነው ብለው፣ ለአረፋ ነው ብለው፣
ለፋሲካ ብለው፣ ስንት በዓል ሸኘን!
ዝናብ ጠሪዎቹ ሁለት ካሴት ሰጥተው
ሦስተኛውን ስንጠብቅ ሽበት አገኘን።

ጅማ ግን ዝናቧን ማንም ሳይጠራላት
ከቀትር በኋላ ታወርደዋለች፤
የሂርማታን ቆርቆሮ፣ የመርካቶን ሸራ
እንደ ጀማሪ ከበሮ መቺ ትወቅጠዋለች፤
ያለ ልክ፣ ያለ ምት፣ ግን ሳታቋርጥ።
ያቋረጡት እነሱ ናቸው።

ነዚፍ ባጃጁ ላይ፣ ከኋላ፣ በቢጫ ቀለም
«ይመጣሉ» ብሎ ጽፏል።
ተሳፋሪው ሁሉ ሃይማኖት ይመስለዋል፤
አንዲት እናት ፈረንጅ አራዳ ሲወርዱ
«አሜን» ብለው አምስት ብር ጨምረውለታል።

ተማም ባርጩማ ጠራቢው፣ ለቤዝ መቺው ብሎ
ከአንድ ጉማጅ ዋንዛ፣ ሦስት እግር አብጅቶ
ያወጣት መቀመጫ ሱቁ ጥግ አለች።
«ስንት ናት?» ለሚለው «ባለቤት አላት» ይላል።
ባለቤቷ ግን ጅማ በየት በኩል እንደምትገኝ
ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ፎዚያ፣ የፋርማሲዋ፣ የበኩር ልጇን
በአራተኛው ዘፈን ስም ልትጠራት
ፈልጋ ነበረ፤ አማቷ «የዘፈን ስም
ለልጄ ልጅ? በፍጹም!» ብለው ከለከሏት።
ልጅቷ ዛሬ አስረኛ ክፍል ደርሳለች፤
«እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ግን በሕይወት አሉ?» ትላለች።

እኔ ደግሞ ቴፑን አክማለሁ።
የላላ ቀበቶውን እቀይራለሁ፣
ከፎዚያ በለመንኩት አልኮል ሆዱን እጠርጋለሁ፤
ካሴት የበላ ለት ከጥርሱ አላቅቄ
በእስኪሪብቶ ቂጥ እያዞርኩ እጠቀልላለሁ።

ሐሙስ ማታ፣ የተማምን ሱቅ ከውስጥ ዘግተን
የምንሰማው ዘፈን አይደለም።
ዘፈኑንማ በእንቅልፍ ልባችንም እናውቀዋለን፤
ዘፋኙ የቱ ስንኝ ላይ ምራቁን እንደሚውጥ ሳይቀር።
የምንሰማው ሁለተኛው ገጽ ካለቀ በኋላ
የተረፈውን አራት ደቂቃ ባዶ ክር ነው።
ፍላሽ ላይ የለም። የገለበጠው ልጅ
«ምንም የለበትም» ብሎ ቆርጦ ጣለው።

አለበት እንጂ! ወንበር ይጎተታል።
ሩቅ፣ ከግቢ ውጭ፣ ውሻ ይጮኻል።
በር ሲጢጥ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው፣
ማን እንደሆነ አንለይም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ
አንዲት ቃል ይላል፦ ቆይ።

ወይም ቆዪ።

እዚህ ላይ ነው የተለያየነው።
ነዚፍ «ቆይ ነው፤ ከበሮ መቺው ጃኬቱን አንስቶ
ሊወጣ ሲል ነው» ይላል። ፎዚያ «ጆሮህን ታጠብ!
ቆዪ ነው። የወጣችው ሴት ናት፤
የጠፉትም እሷን ፍለጋ ነው» ትላለች።
በአንዲት ፊደል ጭረት ከረመዳን እስከ ረመዳን
ተኮራርፈው ከረሙ፤
ባጃጁ በፋርማሲው በር አላልፍ አለ።
ያስታረቃቸው ተማም ነው፦
«ቆዩም ሊሆን ይችላል እኮ። ለሁላችን።»

ያለፈው ሐሙስ ቃሏ አልተሰማችም።
አስራ ሰባት ዓመት ስናመላልሳት ክሩ ተልጧል።
ወንበሩ ተጎተተ፣ ውሻው ጮኸ፣ በሩ ሲጢጥ አለ፣
ከዚያ ሹሹታ ብቻ፣ አዌቱ ሲሞላ እንደሚለው።
ግን አራታችንም፣ በዚያችው ቅጽበት፣
ቀና አልን።

እናቷን ልትወስድ የመጣችው ልጅ
ከጆሮዋ ላይ አንዱን ማዳመጫ አውልቃ
«ምን አለ?» አለች።
«ቆዩ» አላት ተማም።
«የቆዩት እነሱ ናቸው፣ እናንተ?»

ማንም አልመለሰላት። እኔ ክሩን አጠነጠንኩ፤
ነዚፍ የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ፈለገ።
ዝናቡ ገና አላባራም።
ተማም ጥግ ያለችውን ባርጩማ ስቦ
አቧራዋን በክርኑ ጠረገና
«ለጊዜው» አላት፣ «ተቀመጪባት።»