መስኮት ለሚክላቱ

ሀያ ዓመቴ ነው በቂርያት ጋት፣ ከሐኪም ጎን ስቀመጥ፣
የሰው ሕመም በአማርኛ ስሰማ፣ በዕብራይስጥ ስገልጥ።
"የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" ይላል፤
እጇ ከሆዷ ላይ ይውላል።
"ሆዴን ይበላኛል" ብትል፣ "ሆዷን ይበላታል" አልሁ፤
ወረቀት አጽፌ፣ ይዣት ከጨጓራ ሐኪም ደጅ ደረስሁ።
ሆድ እኮ በእኛ አፍ ጨጓራ ብቻ አይደለም፣
የነገር ጎተራ ነው፤ በር አለው፣ መስኮት ግን የለም።
ሐኪሙ "ዲካኦን" ሲል፣ "ድብርት" ብዬ ብመልሰው፣
"ማን የማይደብረው አለ?" ብሎ ይስቅብኛል ሰው።
የሚከፈለኝ በሰዓት እንጂ በቃል አይደል፤
ዝም አልሁ።

ኦሽራት መጣች በክረምቱ፣ የመኩሪያው የመጨረሻ ልጅ፣
ሥዕል የተማረች፣ ከቀለም የማይጠራ እጅ።
ከሰባት ቁጥር ሕንፃ ሥር ያለውን የቦምብ መጠለያ፣
ሳይረን ሲጮህ ብቻ የምንወርድበትን ሚክላት፣
አሮጌ ብስክሌትና ፍራሽ አስወጥታ፣
"ግድግዳው ይኸው፣ መስኮት ሳሉበት" አለችን።
"ወዴት እንደሚያይ ግን እኔ አልነግራችሁም።"
ማማይት ሳቀች፦ "እኔ ልጄ ቀለም አላውቅም፣
አውራ ጣቴን ከነከርሁበት በቀር።"
መስኮት ቢሏት የሳለችው ወለል ያለ የጎጆ በር።

አቶ ዘለቀ ወንዝ ሳለ፣ ሰፊ፣ ድፍርስ፣ ማዶ የሌለው።
"ዓሣ የለበትም?" ቢሉት፣ ቆየና፣ "ሰው ነው ያለው"
ብሎ ብሩሹን አጥቦ ወጣ።
በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ከሁላችን ቀድሞ መጣ።

ትርንጎ ሦስት ሳምንት ከወንበሯ ሳትነሣ አየች።
በአራተኛው ተነሣች፤ ግራጫ በጠበጠች፤
ትሪስ ሳለች፣ እስከ ታች የወረደ፣ የተደፈነ፣
ከሥሩ ብቻ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣
አንድ መስመር ብርሃን።

አወቅነው ትሪሱን። ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።
የልጇ የሊራን ክፍል ነው፤ ከጦሩ ከተመለሰ ወዲህ አልተከፈተም።
ለጠየቃት ሁሉ፣ "ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ነው የሚሠራ"
ትላለች፤ እኛም እሺ እንላለን፤
የጎረቤት ገመና ነዋ፣ በየነጠላችን እንሸፍናለን።

ማማይት ቀረበች። ቀለሙ ሳይደርቅ
ጣቷን ከብርሃኑ ክር ላይ አሳርፋ፣ እንደ ዋዛ፣
"ማነው ውስጥ ያለው?" አለቻት።

"ልጄ ነው። አይሠራም። አይወጣም።
ሳህኑን ከበሩ ሥር አኖራለሁ፤
አንዳንዴ ባዶውን አገኘዋለሁ፣ አንዳንዴ አልተነካም።
ዛር ነው አሉኝ። ዐይን ነው አሉኝ።
ወንድ ልጅ ነው፣ ያልፍለታል አሉኝ።
እኔ ግን ፈራሁ።"

የአየር ማስገቢያው ብቻ ሲያጓራ ቆየ።
"እህቴን" አለች ማማይት፣ "ወባ ገደላት ብለን ቀበርናት፤
ወባ አልነበረም።"

ልማድ ሆኖብኝ አፌን ከፈትሁ፣ ልተረጉም፤
ለማን? ከኦሽራት በቀር አማርኛ የማይሰማ የለም፤
እሷም ግማሹ ገብቷት፣ ግማሹ በቅቷት፣
ብሩሿ እጇ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሊራን አልወረደም። ትሪሱም አልተነሣም፤ ዋሽቼ አልጨርስም።
ሐሙስ ዕለት ግን ትርንጎ ከሐኪሙ ፊት ተቀምጣ፣
እጇን ከሆዷ አንሥታ፣
"ሆዴን አይደለም በለው" አለችኝ።
አልሁት። አንድ ቃል አልጎደለም።

የእኔ መስኮት አራት መስመር ነው፣ ከማማይት በር አጠገብ፤
ውስጡ ገና ነጭ።
ትርንጎ ስታልፍ ታየዋለች። ትናንት ቆመች፦
"አንተስ፣ አያ ስጦታው? ሀያ ዓመት የሰው ሆድ ስትተረጉም
የራስህን የት ጣልኸው?"
"እኔማ ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አልኋት።
ሳቀች፤ ብሩሽ አቀበለችኝ፤
"እስቲ" አለች፣ "እሱን ተርጉምልኝ።"