ነነዌ በባጃጅ

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ «ተናገረኝ» ብዬ፣
አላሙራ ግርጌ፣ የሞቀ አልጋ ጥዬ፣
አዳር ጸሎት አደርኩ።
ረቡዕ ጾምኩ፣ አርብ ጾምኩ፣ ሰኞንም ጨመርኩ።
ከኳየሩ ፊት ለፊት፣ ከመጀመሪያው ወንበር፣
ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ስዘምር ነበር።
ሰው ሲያየኝ ይላል፦ «ወንድማችን በረታ»።
እኔ ግን ቤቴ ስገባ ባዶ ጀሪካን ነበርኩ፤
ጩኸት እንጂ ጠብታ
የሌለኝ።

አንተም ዝም አላልክም። ይሄን ዛሬ ልመን።
አንዲት ቃል ነበረች፣ በጸሎቴ መሐል ሁሌ የምትመጣ፣
«አሜን» ብዬ ብዘጋት ከጆሮዬ የማትወጣ፦
ታንኳው።
እኔም «ሂድ፣ ሰይጣን!» አልኩ።
የገዛ ድምፅህን በስምህ ገሠጽኩ።

ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ገብቶኛል።
አባታችን ሲሞት አንድ ታንኳ ለሁለት ቀርቶልናል።
ዳንጊሶ ይርጋለም ሆስፒታል ተኝቶ፣
ሳንባው ውሃ ቋጥሮ፣ ትንፋሹ ተዘግቶ፣
እኔ ሸጥኩት፣ በአንድ ጠዋት፣ ከነመቅዘፊያው።
የሱቅ ኪራይ ሆነልኝ፣ የመጀመሪያው።
ድኖ ሲመለስ «የታለ?» አለኝ። «ወጪ በላው» አልኩት።
አየኝ። ሄደ።
ከዚያ ወዲያ በሰው ታንኳ፣ ለሰው ሲቀዝፍ
ከሩቅ አየሁት።

ባለፈው እሁድ ደግሞ፣ ስእለት መሰለኝ፣
ለቤትህ አዲስ ድምፅ ማጉያ ልገዛ ቃል ገባሁ፤
ጭብጨባው ሞቀኝ።
ገንዘቡን በፖስታ፣ በደረት ኪሴ ይዤ
ከፒያሳ ወረድ ብዬ ጫማዬን ሳስጠርግ
በግ ጮኸ።
መንገዱ ላይ በግ የለም። ኪሴ ውስጥ ነው የጮኸው፤
«ለመሥዋዕት ነው» ተብሎ ያለ ፈቃድህ የቀረው።
አንተ እንደሁ ሹክሹክታ ትሰማለህ፤
ማጉያው ለማነው?

ባጃጅ ጠራሁ። «አሞራ ገደል» አልኩት።
ለካ ነነዌ ቅርብ ናት!
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በተርሴስ መርከብ ስሸሻት፣
ከሱቄ በር በባጃጅ አስር ደቂቃ ናት።
«ተመለስ» ልለው ሁለቴ አፌን ከፈትኩ።
ሁለቴም ሳልኩ።

አባ ኮዳዎቹ፣ አንገታቸውን በትከሻቸው ቀብረው፣
ለሽምግልና የተጠሩ ይመስላሉ፤
የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ነው።
ዳንጊሶ ሾላው ሥር ነበር።
(ያ አጭሩ ቀራጭ የወጣበት ዓይነት ሾላ፤
እኔ ግን የምወጣበት ቅርንጫፍ አላገኘሁም።)
መረብ ይጠግናል፣ ክሩን በጥርሱ ነክሶ።
ጸጉሩ ሸብቷል። መቼ ሸበተ፣ ዳንጊሶ?

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥቅስም ነበረበት።
ጠፋኝ። «ወጪ አልበላውም፤
እኔ ነኝ የበላሁት» አልኩት።
ፖስታውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩት።

አልተቃቀፍንም።
«ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።
ቆጠረው፣ ብር በብር፣
እርጥብ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ።
«የታንኳው ይሄ ነው። የሰባቱ ዓመትስ?»
መልስ አልነበረኝም።
ማዕበሉ መጣ፣ ሄደ፣ ከሸምበቆው ሥር።
ከዚያ የመረቡን ጫፍ ወረወረልኝ።
«ወጥረህ ያዝ» አለኝ። «አባባ እንደሚይዘው።»

ያዝኩ። ገመዱ ጣቴን ቆረጠኝ።
ፀሐዩ ማጅራቴን ጠበሰኝ።
እሱ ሲቋጥር፣ እኔ ስወጥር፣
አንድ ቀዳዳ ተደፈነ። ደግሞ ሌላ።
አልዘመርኩም። ምንም አልለመንኩህም፣ ጌታ።
ከሰዓት በኋላ ነው ያወቅሁት፤
ጀሪካኑ ሞልቷል።
ማን እንደቀዳው አላየሁም።
ቢመቱትም አይጮህም።

እሁድ በአሮጌው ማጉያ ዘመርን፤ ያፏጫል።
ቃል የገባሁትን የጠየቁኝ አሉ፤
«ወንድሜ ጋ ነው» አልኳቸው፤ ገረማቸው።
የተቀመጥኩት ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነው፤
ማክሰኞ ሌላ መረብ አለብን።
እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩት፤
የቆሮሶው ሽታ አለቀቀኝም።
አንተም።