የታውኖ ልጅ

በመጋቢት በረዶ፣ ሐይቁ ጀርባ ቆመን፣
ክንድ የሚያህል ግግር ሰርስረን፣ ቆፍረን፣
ከሥር፣ ከወለሉ፣ በቱቦ ቀዳን ጭቃ።
ሰው ዓሣ ያጠምዳል፤ የኛ ሲሳይ ጭቃ፤
አራት ክንድ ርዝማኔ፣ የአንድ ሺህ ዓመት ዕቃ።
በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ እንደ ልጅ አስተኝቶ፣
ሬይኖ ጫነው ቀስ ብሎ፣ ጎርበጥባጣውን ፈርቶ።

የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ብርዱ አራት ዲግሪ ነው፤
ጭቃው እንዳይሻግት እኔ ነኝ የምጠብቀው።
በቀጭን ሽቦ ቱቦውን ለሁለት ስሰነጥቀው
ሸማኔ ያልጣለው ጥለት አለው።

ፈዛዛው መሥመር ጸደይ፦ በረዶ ሲቀልጥ፣
ወንዙ አፈር ተሸክሞ ቁልቁል ሲሮጥ።
ጥቁሩ የብርድ ወር፦ ሐይቁ ደጁን ሲዘጋ
ቀስ እያለ የሚሰፍር የሞተ አልጌ ሥጋ።
አንድ ፈዛዛ፣ አንድ ጥቁር፤ ያ ነው አንድ ዓመት፤
ውፍረቱ ከጥፍሬ አይበልጥ ምናልባት።

እቆጥራለሁ፤ በመርፌ ጫፍ እየነካሁ።
ስልክ ጠርቶ ከተምታታኝ ከአንድ እጀምራለሁ።
ተማሪዬ ሳንተሪ «ማሽን አለ» ይላል፤
«ብርሃን አብርቶ በደቂቃ ይቆጥራል።»
እውነቱን ነው። ግን ማሽኑ ሠላሳ ሁለት ላይ
ተሳሳተ፤ ትል የሄደበትን ጎዳና ሳያይ።

ሰማንያ ስድስት ጋ ዓይን የማያየው አመድ፤
ከሩቅ የአቶም እሳት በሚያዝያ ዝናብ ሲወርድ
እዚህች ጭቃ ላይ ጥሎት የሄደው ምልክት፤
ቆጠራዬ ልክ ነው የምለው በሱ ምስክርነት።

ከዚያ በታች ሽታው ተለወጠ። ክብሪት።
ግራጫ። የእንጨት ክር። የሜርኩሪ ቅሪት።
የወረቀት ፋብሪካው።
አባቴ ታውኖ
ሃያ አንድ ዓመት ሠራ፤
ጓንት የለው፣ ጭምብል የለው፣ እግዜርን ተማምኖ።
የተፈጨው እንጨት እንዳይሻግት መድኃኒት ሲሰፍር፣
ጫማው ሥር ነጭ ዱቄት ይዞ ይመጣ ነበር።
እሑድ እሑድ ደግሞ ከዚሁ ሐይቅ ያጠምዳል፤
ትልቁን ዓሣ ለኔ። «ብዪ፣ ታድጊያለሽ» ይላል።

በላሁ። አደግሁ።

ሠንጠረዡ ውስጥ «ምንጩ» የሚል ሣጥን አለ፤
«ኢንዱስትሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ግን ዋለለ።
ኢንዱስትሪ ማለት ቀዩ ቦት ጫማዬ ነው፤
አባቴ በደመወዙ፣ በጥቅምት፣ የገዛው።
እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ስልሳ ሁለት ላይ ነው፤
ሐኪሙ «እርጅና» አለ። አርባ ዘጠኝ ነበር ዕድሜው።

አሁን ምክር ቤቱ ሐይቁን ሊያስጠርግ ነው፤
ለጀልባ ማቆሚያ፤ ጭቃው ነው ያስቸገረው።
አዳራሹ ውስጥ ቆሜ እንዲህ አልኳቸው፦
«ይህ ሐይቅ ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ነገር አለው።
በላዩ ሃምሳ ንጹሕ ጸደይ ደራርቦ
አስተኝቶታል፤ እንዳይነቃ ተርቦ።»

ማንም አላጨበጨበ። አንዱ ሰዓቱን አየ።
ሂልካ ብድግ አለች፤ ሰማንያ አልፏታል፤
«የታውኖ ልጅ፣ ዓሣውስ? ዛሬ ይበላል?»
«ትንሹ ይበላል» አልኩ። «ትልቁ ይቅር።»
ሳቀች። «ያኔ እኮ ትልቁን ለልጅ እንሰጥ ነበር።»

ማታ ተመልሼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣
ሰባ አንድን ፈለግሁ፤ አባቴ የሞተ ዕለት
ሐይቁ ምን እንዳደረገ ለማወቅ።
ምንም። ፈዛዛ፣ ጥቁር፤ እንደ ጎረቤቱ።
የወንዙም ጎርፍ ያው፣ የአልጌውም ሙላቱ።
መርፌዬ እዚያ ቆማ ትንሽ ቆየች መሰለኝ።

ጠዋት ድምሩ በአንድ በዛ።
ሳንተሪ ማሽኑን አየ፣ ወረቀቴን አየ፣
«አንዱን ዓመት ደግመሻል» አለኝ።
«የቱን?»
አልመለስኩለትም። የዓይን መነጽሬን ወለወልኩ፤
ከአንድ ጀመርኩ።